የተዘጋብንን ፋይል አንጣለው



ጉና ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር እኛ ደብረ ታቦር ያለን ተማሪዎች ቀድመን የምናደርገው ነገር ቢኖር የጀመርነውን ጽሑፍ ሴቭ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ባርተን ሚለር ግን ከነጎድጓድ ሌላ ነገር አገኙ። ከቤታቸው በስልክ መስመር ከዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ጋር ተገናኝተው ሲሠሩ፣ ዝናቡ በመስመሩ ላይ የማይገባ ፊደል እየጨመረ ፕሮግራሞቹን ይዘጋባቸው ነበር። የገረማቸው የመስመሩ መበላሸት ሳይሆን፣ ብዙ ሰው የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች በጥቂት ዝባዝንኬ መውደቃቸው ነው። ነገሩን ለተማሪዎቻቸው የትምህርት ፕሮጀክት አድርገው ሰጡ። በ1990 በታተመው ጥናት ከተፈተኑት የዩኒክስ ፕሮግራሞች ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት ወድቀዋል። ይህ ዘዴ ዛሬ ፈዚንግ ይባላል። የጀመሩት እንደኛው ተማሪዎች መሆናቸውን ልብ በሉ።

አሁን ሥራው በማሽን ነው የሚሠራው። ጉግል ከ2016 ጀምሮ ኦኤስኤስ-ፈዝ በተባለው አገልግሎት ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆኑ ፕሮግራሞችን ያለ ክፍያ ያስፈትናል። ብዙዎቻችን የምንጽፍበት ሊብሬኦፊስ ደግሞ ከዚህ ሌላ የራሱ ፈተና አለው። ሰዎች ከስህተት ሪፖርት ጋር አያይዘው የላኳቸው ከ100,000 በላይ ሰነዶች ተሰብስበዋል። ማሽኑ አንድ በአንድ ይከፍታቸዋል፣ በሌላ ዓይነት ፋይል መልሶ ሴቭ ያደርጋቸዋል፣ ክራሽ ያደረገውን ለይቶ ለፕሮግራመሮቹ ያሳውቃል።

ክምችቱ ውስጥ ያለው ግን ሰው የላከው ብቻ ነው። የኛን የጀመዓ ጽሑፎች አስቡ፦ አማርኛው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ መሐሉ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ አያህ ይገባል፤ ሁለቱም በሰንጠረዥ ውስጥ ናቸው፤ ፋይሉ በዎርድ ተጀምሮ በሊብሬኦፊስ ይጨረሳል። በዚያ ላይ የግእዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፉ አሮጌ ፋይሎች አሁንም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። እንዲህ ያለውን ሰነድ ማንም ካልላከ ማሽኑ አያውቀውም፤ ችግሩ የሚታየውም የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ዋዜማ ላይ ይሆናል።

ታዲያ ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ሰው ምን ያግዛል? ብዙ። አንድ ፋይል ሲከፈት ፕሮግራሙ ከተዘጋ ፋይሉን አትሰርዙት። መጀመሪያ በአዲሱ የሊብሬኦፊስ ስሪት ሞክሩት፤ ምናልባት ተስተካክሎ ይሆናል። ከዚያ ከእገዛ ሜኑ ሴፍ ሞድ መርጣችሁ ድገሙት፤ ችግሩ ከራሳችሁ ኮምፒውተር ቅንብር ከሆነ በዚህ ይለያል። አሁንም ከተዘጋ የፋይሉን ቅጂ በሚከፍት ሌላ ፕሮግራም ግማሹን ቆርጣችሁ ሞክሩ። ከተዘጋ ጥፋቱ በቀረው ግማሽ ነው፤ ካልተዘጋ በተቆረጠው። 64 ገጽ የነበረ ጽሑፍ በስድስት ቁርጥ አንድ ገጽ ይቀራል። አንዳንዴ ሁለቱም ግማሾች ለየብቻ ደህና ይሆናሉ፤ ያኔ ጥፋቱ መገናኛቸው ላይ ነውና ከጫፍ ከጫፍ በትንሹ ቀንሱ። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው እገዛ ይኸው ነው። ፕሮግራመሩ አንድ ገጽ ሲደርሰው ስህተቱን ቶሎ ያገኘዋል።

ሪፖርቱ የሚገባው በግዚላ በሚባለው የፕሮጀክቱ መዝገብ ነው። የስሪቱን ቁጥር፣ የኮምፒውተሩን ዓይነትና ምን ሲነካ እንደተዘጋ በአጭር እንግሊዝኛ መጻፍ ይበቃል።

እዚህ ላይ አደራ፣ አማናም አለ። በግዚላ ላይ የተያያዘ ፋይል ዓለም ሁሉ ያየዋል። የአባላት ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥር ወይም የመዋጮ ዝርዝር ያለበትን ሰነድ እንዳለ መላክ አይገባም። በፋይሉ ንብረቶች ውስጥ የተደበቀውን የጸሐፊ ስምም አጥፉ። ስሞቹን ስትተኩ በእንግሊዝኛ ፊደል አይሁን፤ በግእዙ ምክንያት የመጣው ችግር አብሮ ሊጠፋ ይችላል። «አበበ» የነበረውን «ከበደ» በሉት፣ ከዚያም ፋይሉ አሁንም ክራሽ ማድረጉን አረጋግጡ። ሰው ሆን ብሎ ሊጎዳበት የሚችል የደህንነት ክፍተት ከመሰላችሁ ደግሞ በመዝገቡ ላይ ሳትለጥፉ ለፕሮጀክቱ የደህንነት ቡድን ለብቻው ላኩ።

ፋይል የሌላችሁም ሌሎች ያስገቡትንና ገና ያልተረጋገጠ ሪፖርት በራሳችሁ ኮምፒውተር ሞክራችሁ «እኔም ጋ ተዘግቷል» ወይም «አልተዘጋም» ማለት ትችላላችሁ። አረብኛና ግእዝ የተቀላቀለባቸውን ብታስቀድሙ ጥሩ ነው፤ ሁለቱንም የሚያነብ ፈታኝ በየቦታው አይገኝም።