ዶሮዎችዎን ከበረዶና ከሐሩር ይጠብቁ

በ2025 (እ.ኤ.አ.) በማርች ወር በአሜሪካ የአንድ ደርዘን እንቁላል አማካይ ዋጋ 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ደርሶ እንደነበር፣ በተለይ የግሮሰሪና የምግብ ቤት ባለቤቶች የሆናችሁ አትረሱትም። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ቢወርድም፣ «ለምን በጓሮዬ ጥቂት ዶሮ አላረባም?» የሚለው ሐሳብ ግን ከብዙ ቤት አልወጣም።

ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ታክሲ የሚነዳ ወይም ሱቅ የሚጠብቅ ሰው በቀን 12 ሰዓት ያህል ከቤቱ ይርቃል። ስለሆነም ዶሮዎቹን ውሎ የሚጠብቃቸው ባለቤታቸው ሳይሆን የተሠራላቸው ቤት ነው። ቤቱ ካልተስተካከለ በአንድ የበረዶ ሌሊት፣ ይበልጡን ደግሞ በአንድ የጁላይ ከሰዓት በኋላ፣ የደከሙበት ሁሉ ሊጠፋ ይችላል።

አስቀድሞ ፈቃድ

የከተማዎን ደንብ ሳያውቁ አንዲት ቄብ እንኳ አይግዙ። ለምሳሌ ዴንቨር ከ2011 ጀምሮ ፈቃድ ላወጣ ነዋሪ እስከ 8 ዶሮና ዳክዬ ትፈቅዳለች። ሲያትል በ2010 ቁጥሩን ከ3 ወደ 8 ከፍ ስታደርግ አዲስ አውራ ዶሮ ማስገባትን ከልክላለች። ለበዓል በጓሮ ማረድ የተከለከለባቸው ከተሞችም ስላሉ ይህንንም አብረው ይጠይቁ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ የአከራዩ፣ የሰፈር ማኅበር ካለ ደግሞ የማኅበሩ ስምምነት ያስፈልጋል።

ዜግነት ለማመልከት ያሰቡ ይህንን ልብ ይበሉ። ኤን-400 የተባለው ቅጽ፣ ሕግ አስከባሪ አስሮዎት ወይም የክስ ወረቀት ሰጥቶዎት ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃል። በዶሮ ምክንያትም ቢሆን የቅጣት ወረቀት ከደረሰዎት፣ ወረቀቱንና የከፈሉበትን ደረሰኝ ያስቀምጡ፤ ቅጹን ከመሙላትዎ በፊትም ለጠበቃዎ ያሳዩ።

የበረዶው ወራት

ሙሉ ላባ ያላት ጤናማ ዶሮ ውኃ የሚያረጋ ብርድ ትችላለች። የሰውነቷ ሙቀት ወደ 106 ዲግሪ ፋራናይት (41 ሴንቲግሬድ) የሚደርስ ሲሆን፣ ላባዋን ነፍታ አየር በመያዝ ራሷን ታሞቃለች። የማትችለው እርጥበትን ነው። ብዙዎቻችን ለዶሮዎቹ በማዘን የቤታቸውን ቀዳዳ ሁሉ እንደፍናለን። በዚህ ጊዜ ትንፋሻቸውና ኩሳቸው የሚያወጣው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ በራሳቸው ላይ ያለውን ቀይ ሥጋም ብርድ ይመታዋል፤ ጥቁር ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከቆጡ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ አየር መውጫ ይተዉ፤ ከቆጡ ትይዩ ግን ንፋስ አያስገቡ። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ከመጣብዎ አየሩ አልበቃም ማለት ነው። ለአንዲት ዶሮ በቤቱ ውስጥ 4፣ በውጭ 10 ካሬ ጫማ ያህል ቦታ ይበቃታል። ቆጡን 2 በ4 ከሆነ እንጨት ሠርተው ሰፊው ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ ስትተኛ ጣቶቿን በሆድ ላባዋ ትሸፍናለች። ከሥሩ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም ገለባ ወፈር አድርገው ይጎዝጉዙ፤ የረጠበውን ጉዝጓዝ ያውጡ።

ቀይ የማሞቂያ አምፖል አንሰቅልም ወይ ለምትሉ፣ አምፖሉ በደረቅ ገለባ ላይ ቢወድቅ የዶሮ ቤቱን አልፎ የእርስዎንም ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ይቅርብዎ። ይልቅስ ውኃው እንዳይረጋ ለዚሁ የተሠራ የውኃ ማሞቂያ ይግዙ፤ ከሌለ ጠዋት ከመውጣትዎ በፊትና ማታ ሲገቡ ለብ ያለ ውኃ ይለውጡ። በቀኑ ማጠር ምክንያት እንቁላል ቢቀንስ አይደንግጡ። ዶሮ በደንብ ለመጣል በቀን 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን ትሻለች።

የሐሩሩ ወራት

ከብርድ ይልቅ የሚያሰጋው ሙቀት ነው። ዶሮ ላብ የላትም፤ የምትቀዘቅዘው አፏን ከፍታ በማለክለክና ክንፏን ከገላዋ በማራቅ ነው። 90 ዲግሪ ፋራናይት (32 ሴንቲግሬድ) ሲያልፍ መጨነቅ ትጀምራለች፤ ከ95 በላይ ሆኖ ጥላና ውኃ ካጣች ልትሞት ትችላለች። እርስዎም በዚያ ሰዓት ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ነዎት።

ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት ውኃውን በሁለት ቦታ፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ በሚሆንበት ያስቀምጡ። በሙቀት ጊዜ የምትጠጣው ከወትሮው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሌሊት በፍሪዘር ያረጉትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃው ውስጥ ይጨምሩ። መኖ በማለዳና አመሻሽ ላይ ይስጡ፤ መፍጨቱም ሙቀት ያመጣልና። ደክማ የወደቀች ካገኙ ወደ ጥላ ወስደው እግሯን ቀዝቀዝ ባለ፣ በረዶ ባልሆነ ውኃ ይንከሩ።

ዘር ሲመርጡም አየሩን ያስቡ። በራሷ ላይ ያለው ሥጋ ትልቅ የሆነ ሌግሆርን ለሙቅ አገር ትስማማለች፤ ሥጋው ትንሽ የሆነ ዋያንዶት ወይም የካናዳዋ ሻንቴክለር ለበረዶ አገር ትሻላለች።

ሌሎች ጥንቃቄዎች

በአገራችን ዶሮ ሌባው ሽልመጥማጥ ነበር፤ እዚህ ራኩን ቦታውን ይዟል። ተራውን የዶሮ ሽቦ በእጁ ይቀዳዋል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ግማሽ ኢንች የሆነ ጠንካራ የብረት ወንፊት ይጠቀሙ። ማታ አርፍደው የሚገቡ ባለታክሲዎች ሲመሽ በራሱ የሚዘጋ በር ቢያስገጥሙ እንቅልፍ ያገኛሉ።

የወፍ ጉንፋን ከ2022 ጀምሮ በአሜሪካ ዶሮዎች ላይ ብዙ ጉዳት ስላደረሰ፣ መኖውን ከዱር ወፎች ይሸፍኑ። የዶሮ ቤት ጫማ ለብቻው ይሁን። ዶሮ ሳልሞኔላ የተባለውን ጀርም ታሞ ሳይታይባት ልትሸከም ትችላለችና ሱቅዎን ከመክፈትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የጓሮ እንቁላል በመደርደሪያዎ ላይ ለመሸጥ ካሰቡ ግዛትዎ የሚጠይቀውን ፈቃድ አስቀድመው ያውጡ።

ጿሚ ከሆኑ ደግሞ አንድ ነገር ያስቡ፦ በሁዳዴ ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ ዶሮዎቹ መጣል ይጨምራሉ፤ በቤት የሚበላ ግን የለም። ያልታጠበ ትኩስ እንቁላል በፍሪጅ ለወራት ይቆያልና ለፋሲካው ዶሮ ወጥ ያስቀምጡ፤ የተረፈውን ለጎረቤት ይስጡ። እንቁላል የቀመሰ ጎረቤት ስለ ዶሮ ድምፅ ለከተማው ለመደወል አይቸኩልም።

እንግዲህ ኦክቶበር ሲገባ ጣሪያውንና አየር መውጫውን፣ ሜይ ሲገባ ጥላውንና የውኃ ዕቃውን ይመልከቱ። በዓመት ሁለት እሑድ የሠሩት ሥራ እርስዎ መሪ ላይ ወይም ካሽ ሬጅስተሩ ጋ በሚውሉበት ቀን ሁሉ ዶሮዎችዎን ይጠብቅልዎታል።