ሞተር ሲለወጥ አብረው የሚለወጡ ነገሮች

ከተማሪዎቻችን ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የአንዱን መኪና ሞተር አውጥቶ በሌላው ላይ መግጠም ይቻላል ወይ?» የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ይቻላል። ነገር ግን ሞተሩ ገብቶ መነሣቱ የሥራው እኩሌታ እንኳ አይደለም። ሞተር ከካምቢዮው፣ ከዲፈረንሻሉ፣ ከራዲያተሩ፣ ከመሪውና ከፍሬኑ ጋር ተሳስሮ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ እሱን የለወጠ ሰው ሳያውቀው ሌላውንም ነክቷል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ትስስር ምን እንደሚመስል ከፊዚክስ ትምህርታችን ጋር እያገናዘብን ለማስረዳት እንሞክራለን። የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሎሪው አገር

ምሳሌያችንን ከአካባቢያችን እንውሰድ። የባቡር ሐዲድ ከሰላ የደረሰው በ1924፣ ገዳሪፍ ደግሞ በ1928 ነው። በ1944 እና በ1945 በገዳሪፍ አጠገብ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ የማሽላ እርሻ ተጀመረ። ከእርሻው እስከ ሐዲዱ፣ ከሐዲዱም እስከ ገበያው እህሉንና ሰውን የሚያመላልሰው ሎሪ ነበር። ከፖርት ሱዳን ተነሥቶ በከሰላና በገዳሪፍ በኩል ወደ ካርቱም የሚዘልቀው አስፋልት በ1980 ገደማ እስኪያልቅ ድረስ መንገዱ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነበር። የገዳሪፍ አፈር ዋልካ መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ ዝናብ ሲጥል መኪና ምን እንደሚገጥመው መገመት አያቅተውም።

በዚህ መሬት ላይ ለብዙ ዘመን ስሙ የገነነው ቤድፎርድ ነው። ቤድፎርድ የእንግሊዝ ይባል እንጂ ትውልዱ ከአሜሪካ ነው። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ በ1925 ቮክሶል የተባለውን የእንግሊዝ ኩባንያ ገዛ። በ1931 ቤድፎርድ በሚል ስም የወጡት የመጀመሪያዎቹ ጭነት መኪናዎችም በአሜሪካው ሸቭሮሌት መሠረት የተሠሩ ነበሩ። በ1958 የወጣው ቲጄ የተባለው ዓይነት በቤንዚንም በናፍጣም ሞተር ይሸጥ ነበር።

የሱዳን ባለሙያዎች ይህን ሎሪ ከፋብሪካ እንደ መጣ አልተዉትም። አናጢውና ቀጥቃጩ የእንጨቱንና የብረቱን አካል ይሠሩለታል፤ ሻንሲውን ያጠነክሩታል፤ ባሌስትራውን ይጨምሩለታል። ኩርት ቤክ የተባሉት ጀርመናዊ የሥነ ሰብ ምሁር በ2009 ስለዚሁ ሥራ ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ ጥገና ብቻ ሳይሆን የፈጠራ ሥራ መሆኑን አሳይተዋል። እንግዲህ ሞተር መለወጥም የዚሁ ጥበብ አንዱ ክፍል ነው።

ሞተር ለምን ይለወጣል?

ሦስት ዋና ዋና ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የመለዋወጫ እጦት ነው። ሻንሲውና አካሉ ገና ጠንካራ ሆነው የሞተሩ ዕቃ ከገበያ ሲጠፋ፣ ዕቃው የሚገኝለትን ሌላ ሞተር መግጠም ይቀላል። ሁለተኛው የነዳጅ ወጪ ነው። የናፍጣ ሞተር አየሩን ከ16 እስከ 20 እጥፍ ያህል ያምቀዋል፤ የድሮ ቤንዚን ሞተር ግን ከ7 ወይም ከ8 እጥፍ ብዙ አያልፍም። በበለጠ የታመቀ አየር ውስጥ የተቃጠለ ነዳጅ የበለጠ ሥራ ስለሚሰጥ፣ የናፍጣ ሞተር ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚፈጀው ነዳጅ ያነሰ ነው። ሦስተኛው ምክንያት የጉልበት ፍላጎት ነው።

በአሜሪካ ይህን ሥራ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ምክንያት ነው። በ1932 የወጣው ባለ 8 ሲሊንደር ፎርድ 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ1955 ሸቭሮሌት ያወጣው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ደግሞ በ4.3 ሊትር 162 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ወጣቶች ይህን አዲስ ሞተር በአሮጌው ፎርድ ላይ ይገጥሙት ጀመር። ሞተሩ አነስተኛና ቀላል ከመሆኑም በላይ፣ ከካምቢዮ ጋር የሚገናኝባቸው የብሎን ቀዳዳዎች አቀማመጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳይለወጥ በመቆየቱ ካምቢዮ መምረጥ ቀላል ነበር።

ሞተርና ካምቢዮ የሚገናኙበት ቦታ

ይህ የብሎን ቀዳዳ ጉዳይ ቀላል አይምሰለን። የሞተሩ ክራንክሻፍትና የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ሞተሩና ካምቢዮው ከተለያዩ ፋብሪካዎች የመጡ ከሆነ፣ በመካከላቸው ተጠርቦ የሚገባ ወፍራም የብረት ሳህን ያስፈልጋል። ሳህኑ ከመስመር ጥቂት እንኳ ቢዛነፍ ዘንጉ በዞረ ቁጥር ይወላገዳል፤ ፍሪሲዮኑ ይንቀጠቀጣል፤ ኩሽኔቱም ያለ ዕድሜው ያልቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቦታ ጉዳይ ነው። የሞተሩ ዘይት መያዣ ከፊት አክሱል ጋር እንዳይጋጭ፣ የጭስ ማውጫው የመሪውን ዘንግ እንዳይነካ መለካት አለበት። ሱዳን በ1973 የመኪና ጉዞን ከግራ ወደ ቀኝ ስለ ለወጠች፣ በአሮጌዎቹ መኪናዎች መሪው በቀኝ፣ በኋለኞቹ በግራ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በአንዱ ላይ በደኅና የተቀመጠ ሞተር በሌላው ላይ ላይቀመጥ ይችላል። ናፍጣ ሞተር በመጠን ከሚመሳሰለው ቤንዚን ሞተር ስለሚከብድም የፊት ባሌስትራው መታየት አለበት።

የማርሽ ስሌት

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለምሳሌ ያህል የጎማው ዙሪያ 3 ሜትር የሆነ፣ የዲፈረንሻሉ ምጥጥን 6.5 የሆነ ሎሪ እንውሰድ። ይህ ማለት ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር የካርዳን ዘንጉ 6.5 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ነው። በመጨረሻው ማርሽ ሞተሩና ካርዳኑ እኩል ይዞራሉ እንበል። የቤንዚኑ ሞተር በደቂቃ እስከ 3600 ጊዜ የሚዞር ቢሆን፣ 3600 ለ6.5 ሲካፈል ጎማው 554 ጊዜ ያህል ይዞራል። በ3 ሜትር ሲባዛ በደቂቃ 1662 ሜትር፣ በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

በምትኩ በደቂቃ ከ2600 ዙር የማያልፍ የናፍጣ ሞተር ገጠምን እንበል። ጎማው 400 ጊዜ ይዞራል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሾፌሩ «ሞተሩ ደካማ ነው» ብሎ ያማርራል። ሞተሩ ግን ደካማ አይደለም፤ ማርሹ የተሠራው ለሌላ ሞተር ስለ ሆነ ነው።

መፍትሔው የዲፈረንሻሉን ምጥጥን መለወጥ ነው። ምጥጥኑ 5.2 ቢሆን ጎማው 500 ጊዜ ይዞርና ፍጥነቱ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይሁን እንጂ ይህ በነፃ አይገኝም። 5.2 የ6.5 ሰማንያ በመቶ ነው። ስለዚህ በማናቸውም ማርሽ ጎማው የሚያገኘው የማሽከርከር ኃይል በ20 በመቶ ይቀንሳል። በዋልካ ጭቃ ውስጥ ለሚሠራ ሎሪ ይህ ትልቅ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ፍጥነት የፈለገ ኃይል ይከፍላል፤ ኃይል የፈለገም ፍጥነት ይከፍላል። ማርሽ ሁለቱን ያመነዛዝራል እንጂ ከምንም ጉልበት አይፈጥርም።

የተረሳው ፍሬን

ከሁሉ በላይ ልናሳስብ የምንወደው ስለ ፍሬን ነው። ከላይ ባየነው ምሳሌ ፍጥነቱ ከ72 ወደ 90 ሲያድግ ጭማሪው 25 በመቶ ብቻ ነው። ነገር ግን የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ ፍሬኑ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ጉልበት በ56 በመቶ ይጨምራል። የአሜሪካ ወጣቶችም ይህን ተምረውታል። የ1932ቱ ፎርድ ፍሬን በዘንግ የሚሳብ እንጂ በዘይት የሚሠራ አልነበረም፤ ፎርድ የዘይት ፍሬን ያስገባው በ1939 ነው። ስለዚህ አስተዋዮቹ አዲሱን ሞተር ሲገጥሙ የኋለኛውን የዘይት ፍሬንም አብረው ይገጥሙ ነበር።

ከቤንዚን ወደ ናፍጣ ሲለወጥ ደግሞ ከዚህ የባሰ፣ ለዓይን የማይታይ አደጋ አለ። በብዙ ቀላልና መካከለኛ መኪናዎች የሾፌሩን እግር የሚያግዝ ክብ ጣሳ መሰል መሣሪያ ይገኛል። የሚሠራውም እንዲህ ነው። የቤንዚን ሞተር ሾፌሩ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሣ የአየር መግቢያው ይዘጋል። ፒስተኖቹ መሳባቸውን ስለማያቆሙ በመግቢያው ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት በታች ይወርዳል። ይህ ክፍተት በጎማ ቧንቧ ወደ ጣሳው ይደርሳል። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ የውጭው አየር የጣሳውን ልጥ በአንድ ወገን ይገፋል። የልጡ ስፋት 490 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የግፊቱ ልዩነት በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.6 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ እግሩን የሚያግዘው ግፊት ወደ 294 ኪሎ ግራም ክብደት ይጠጋል።

የተለመደው የናፍጣ ሞተር ግን የአየር መግቢያውን አይዘጋም፤ ጉልበቱን የሚቆጣጠረው በሚረጨው ነዳጅ መጠን ነው። ስለዚህ ለፍሬኑ የሚሆን ክፍተት አይሰጥም። ፋብሪካዎች በናፍጣ መኪና ላይ ክፍተት የሚፈጥር ፓምፕ ለብቻው የሚገጥሙት ለዚሁ ነው። ፓምፑን የረሳ መካኒክ፣ የቤንዚኑን ሞተር ሲያወጣ የፍሬኑንም አጋዥ አብሮ አወጣ ማለት ነው። ሎሪው ባዶውን በሜዳ ላይ ሲሞከር ሾፌሩ ፍሬኑ ትንሽ «ደረቀ» ከማለት በቀር ላያስተውል ይችላል።

ጉዳቱ የሚታወቀው በቁልቁለት ላይ ነው። ከጎንደር ከፍታ ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ መኪና ከ1300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከነጭነቱ 8 ቶን የሚመዝን ሎሪ በዚህ ቁልቁለት ከ100 ሚሊዮን ጁል የበለጠ ጉልበት ማስወገድ አለበት። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን አየሩ፣ የጎማው ሰበቃና ሞተሩ ይይዙታል፤ የቀረው በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ከጭነቱ በላይ የተቀመጡት መንገደኞች ደግሞ ሞተሩ ሲነሣ ድምፁን ይሰሙ ይሆናል እንጂ ፓምፑ ይኑር አይኑር የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም።

ከዚህ የምንረዳው

የሞተር ለውጥ ተጠናቀቀ ከመባሉ በፊት ቢያንስ ለአምስት ጥያቄዎች መልስ ሊሰጥ ይገባል። ሞተሩና ካምቢዮው በአንድ መስመር ላይ ናቸውን? የማርሹና የዲፈረንሻሉ ምጥጥን ከአዲሱ ሞተር ዙር ጋር ይስማማልን? ራዲያተሩ የአዲሱን ሞተር ሙቀት ይችላልን? መሪው ከዳር እስከ ዳር ሲዞር የሚነካው ነገር የለምን? ፍሬኑ የሚያግዘው ክፍተት ከየት ይመጣል፤ ሙሉ ጭነትስ ይዞ ተሞክሯልን?

መምህራን እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው ተማሪዎችን በአቅራቢያቸው ወዳለ ጋራዥ ቢወስዱ፣ ስለ ግፊት፣ ስለ እንቅስቃሴ ጉልበትና ስለ ምጥጥን በክፍል ውስጥ ያስተማሩት ሁሉ በአንድ መኪና ላይ ተሰብስቦ ይታያል።

መልመጃ፦ የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር፣ የዲፈረንሻሉ ምጥጥን 3.73 የሆነ አንድ አሮጌ የአሜሪካ መኪና በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮው የመጨረሻ ምጥጥን 1.00 ነው። በምትኩ በ1982 የወጣው ባለ አራት ማርሽ የሸቭሮሌት ካምቢዮ ቢገጠም የመጨረሻው ምጥጥን 0.70 ይሆናል። በሁለቱም ሁኔታ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል? (መልስ፦ 2664 እና 1865 ያህል።)