ላዩ ለብ፣ ታቹ በረዶ! ፍሪጅ ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ

ዛሬ ስለ ፍቅር አላወራም፤ ስለ ፍሪጅ ነው የማወራው። "ደግሞ ፍሪጅ ምን ወሬ አለው?" የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። አንድ ፍሪጅ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎችን ሊያለያይ፣ አንዲት እናትን ደግሞ ሊያሳጣ ለጥቂት ነው የቀረው። ታሪኩን ያጫወተችኝ ራሷ ባለታሪኳ ናት። ስሟን ግን አልነግራችሁም፤ አደራ አለብኝ።

ልጅቷና ባሏ የተጋቡት ጥር ላይ ነው። የሰርጉ ዕዳ ገና አላለቀም፤ ቤታቸው ውስጥ ከአልጋና ከቴሌቪዥን ሌላ ይህ ነው የሚባል ዕቃ አልነበረም። በስድስተኛው ወር የእሷ ዕቁብ ወጣ። "ፍሪጅ!" አለች። "ፍሪጅ!" አለ እሱም። እስከዚህ ድረስ ፍቅር ነው።

መርካቶ ወረዱ። ዓይናቸው ያረፈው ረዥም፣ ብርማ ቀለም ያለው፣ ፍሪዘሩ ከታች የሆነ ፍሪጅ ላይ ነው። ሻጩ በሩን ከፈት ዘጋ ባደረገ ቁጥር ልባቸውም አብሮ ይከፈት ነበር። ሜትር ያወጣ የለም፤ ከጀርባው የተለጠፈችውን ወረቀት ያነበበ የለም። አይሱዙ ላይ አጋድመው ጫኑት፤ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ በአራት ተሸካሚ አልፎ አራተኛ ፎቅ ወጣ፤ የወጥ ቤቱ ጥግ ላይ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ቆመ። የተሸካሚዎቹ ላብ ሳይደርቅ ሶኬት ላይ ተሰካ። ጥድፊያው ለምን መሰላችሁ? በማግስቱ የባልየው እናት ከክፍለ ሀገር ሊመጡ ነው። እናትየው ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊን ነው የሚወጉት። መድኃኒቱ ደግሞ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል።

ሦስት ወር በደህና አለፈ። ከዚያ አንድ ጠዋት ላይኛው ክፍል ያለው ወተት ተበላሽቶ ተገኘ። ላዩ ለብ ብሏል፤ ታች ያለው ሥጋ ግን ድንጋይ ነው። ጠጋኝ ተጠራ። "ጋዝ አልቋል" አለ፤ ሞላ፤ ተከፈለው። አሥር ቀን ያህል ሠራና እንደገና ላዩ ሞቀ። ሁለተኛ ጋዝ፣ ሁለተኛ ክፍያ። በሦስተኛው ጊዜ ልጅቷ ጨነቃት። "የእማማ መድኃኒት እንዳይበላሽብኝ" ብላ ኢንሱሊኑን ከላይ አንሥታ ታች ፍሪዘሩ ውስጥ ከተተችው። ማታ አውጥታ ሲሟሟ ሰጠቻቸው። በቅን ልቦና እኮ ነው! ግን በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም መድኃኒት አይሆንም። የእናትየው ስኳር አሻቀበ፤ ሆስፒታል ገቡ። እግዜር ይመስገን፣ ተረፉ። ባልየው ግን በንዴት "እናቴን ልትገያት ነበር!" አላት። እሷም ልብሷን በሻንጣ ከትታ እኅቷ ቤት ሄደች።

ጥፋተኛው ማነው? ባል? ሚስት? ፍሪጁ? ይህን ጥያቄ ይዤ ሠፈራችን ውስጥ ፍሪጅ ሲጠግኑ ፀጉራቸው የሸበተ አንድ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር ያነሣሁ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። እሳቸው ያሳዩኝንና ከዚያ ወዲህ እያነበብኩ ያጣራሁትን ነው የማካፍላችሁ። ነገሩ ሁሉ ባጭሩ ይህ ነው፦ አብዛኛውን ፍሪጅ የሚገድለው ጥድፊያ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ያዙ

ፍሪዘሩ ከታች የሆነ ፍሪጅ ፋሽን ስለሆነ ብቻ አይገዛም። ጥቅሙ ይህ ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ የምትከፍቱት ላይኛው ክፍል ዓይናችሁና እጃችሁ ፊት ይሆናል። ጎመኑን፣ የተረፈውን ወጥ፣ እንጀራውን ለማውጣት አታጎነብሱም። የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም ለሚጾም ቤት ፍሪዘሩ ብዙ ሥራ የለውምና ከታች ቢሆን ምን ይጎዳል? በአንጻሩ ቅርጫ የምታዘወትሩ፣ በየቀኑ ከፍሪዘር ሥጋ የምታወጡ ከሆነ ወገባችሁን ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ዋጋውም ፍሪዘሩ ከላይ ከሆነው ወደድ ይላል።

ቀጥሎ ልኩን ውሰዱ። የቤታችሁን በር፣ የደረጃውን መታጠፊያ፣ የሚቆምበትን ቦታ ለኩ። ከጀርባው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከጎንና ከላይም የተወሰነ መተንፈሻ ያስፈልገዋል። ከሁሉ በላይ የበሩን አከፋፈት እዩ! የታችኛው ክፍል መሳቢያዎች ያሉት ነው። በሩ ግድግዳ እየነካ በደንብ ካልተከፈተ መሳቢያው ጠርዙን እየታከከ ይወጣል፤ ሲመለስም በትክክል አይገባም። ሻጩን "በሩ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። በብዙዎቹ ላይ ማጠፊያው ተፈትቶ ወደ ሌላው ጎን ይዛወራል።

ከዚያ ከጀርባ ወይም ከውስጥ የተለጠፈችውን ወረቀት አንብቡ። የኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው በ110 እና በ120 ቮልት መካከል የሚሠራና 60 ኸርዝ ነው፤ ሳይጠየቅ ከተሰካ አለቀለት። ከሳዑዲ የሚመጣው ደግሞ ቮልቱ ቢስማማ እንኳ የዚያ አገር መብራት 60 ኸርዝ ነውና ወረቀቱ ላይ 50 የሚል መኖሩን እዩ።

እዚያችው ወረቀት ላይ ሌላ አራዳ የሚያውቃት ነገር አለች፤ ፍሪጁ የተሠራለት የአየር ጠባይ። "ኤስ ኤን" የሚለው የክፍሉ ሙቀት ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ሲሆን፣ "ኤን" ከ16 እስከ 32፣ "ኤስ ቲ" ከ16 እስከ 38፣ "ቲ" ደግሞ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ለሆነ ቦታ ነው። ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ያላችሁ "ቲ" የሚለውን ፈልጉ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷን ታውቁታላችሁ። ወጥ ቤቱ በጣም ሲቀዘቅዝ የአንዳንዱ ፍሪጅ ሞተር "ላዩ በርዷል" ብሎ ይተኛል፤ ታች ያለው ሥጋ ግን መላላት ይጀምራል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ "ኤስ ኤን" ያለበት ይሻላል። ከ"ኤስ ኤን" እስከ "ቲ" የሚል ካገኛችሁ ለሁለቱም ይሆናል።

ቤት ሲገባ፣ ተረጋጉ!

ፍሪጅ የሚጓጓዘው ቆሞ ነው። ሲጋደም የሞተሩ ዘይት ወደ ቧንቧዎቹ ይሄዳል። የግድ ከተጋደመ አቁማችሁ እስኪነጋ ተዉት፤ ዘይቱ ወደ ቦታው ይመለስ። ማሸጊያውንና ከውስጥ ያለውን ፕላስተር ሁሉ አውጡ። ውስጡን ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ቤኪንግ ሶዳ አጥባችሁ አድርቁ። ከምድጃና ከምጣድ አርቁት፤ የመስኮት ፀሐይም አይምታው።

እግሮቹ እንደ ብሎን የሚዞሩ ናቸው። ከፊት በኩል ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ያን ጊዜ በሩ ገርበብ ብሎ ሲቀር ራሱ ይዘጋል። ግራውንድ ያለው የግድግዳ ሶኬት ላይ ብቻ ሰኩት፤ ቴሌቪዥኑም፣ ምጣዱም፣ ቻርጀሩም የተንጠለጠለበት ማከፋፈያ ላይ አይሁን።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው አደጋው። ሞተሩ እንደቆመ ወዲያው ሊነሣ ሲሞክር ይታነቃል። ስለዚህ መብራት ከመጣ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ ስታቢላይዘር ግዙ። ለቲቪ የሚሸጠው ትንሹ አይሆንም፤ ሞተር ሲነሣ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባልና ሻጩ የፍሪጁን ወረቀት አይቶ ይምረጥላችሁ።

ከተሰካ በኋላ ባዶውን ጥቂት ሰዓታት ይሥራ። ላይኛው ክፍል 4 ዲግሪ አካባቢ፣ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሲደርስ ዕቃ አስገቡ። የፈላ ድስት አታስገቡ። የቅርጫ ሥጋ ደግሞ ትኩሱን ሁሉንም ባንዴ አትክተቱ፤ ከፋፍላችሁ በየተራ ነው።

ሲያስቸግር ከጠጋኙ በፊት ዓይናችሁ ይቅደም

ጭራሽ አልሠራ ካለ፦ ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር ሞክሩት፤ ስታቢላይዘሩንና የቆጣሪውን ማብሪያ ማጥፊያ እዩ። ብዙ ጊዜ በሽታው ከፍሪጁ ውጭ ነው።

ሞተሩ ጧ እያለ ተነሥቶ ወዲያው ከጠፋ፦ ንቀሉት። ወይ መብራቱ ደክሟል፣ ወይ የሞተሩ ማስነሻ ተበላሽቷል። እንደተሰካ ከተዋችሁት ሞተሩ ይቃጠላል።

ከአትክልቱ መሳቢያ ሥር ውኃ ከተጠራቀመ፦ ከኋላ ግድግዳው ታች ያለችው የውኃ መውረጃ ቀዳዳ በቆሻሻ ተደፍናለች። በለስላሳ ስትሮና ለብ ባለ ውኃ ክፈቷት።

በረዶ እየጋገረ ካስቸገረ፦ የበሩን ጎማ ፈትኑ። አንድ የብር ኖት በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡ። ሳይዝ ቀልጠፍ ብሎ ከወጣ ጎማው አየር ያስገባል። መጀመሪያ በሳሙና እጠቡት፤ እምቢ ካለ ይቀየር። በረዶውን ግን በቢላ እንዳትፈልጡ! ቧንቧው ከተበሳ ያን ጊዜ ነው ጋዙ የሚወጣው።

አሁን ወደ ልጅቷ በሽታ እንምጣ። ላዩ ሙቅ፣ ታቹ በረዶ ከሆነስ? "ኖ ፍሮስት" በሚባለው ፍሪጅ ብዙውን ጊዜ ቅዝቃዜው የሚሠራው ታች፣ ፍሪዘሩ ጀርባ ነው። ትንሽ ቬንቲሌተር ናት ወደ ላይ የምትገፋው። መተላለፊያው በበረዶ ከተደፈነ ወይም ቬንቲሌተሯ ከቆመች ላዩ ይሞቃል፤ ታቹ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጋዝ ቢያልቅማ ኖሮ ታቹም በደከመ ነበር! ደግሞ ልብ በሉ፤ የፍሪጅ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ በሥራ አያልቅም። ከጎደለ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳውን ሳይፈልግ "ልሙላ" የሚላችሁን ሰው በትሕትና ሸኙት። በዛሬዎቹ ፍሪጆች ብዙዎቹ ላይ "አር 600 ኤ" ተብሎ የሚጻፈው ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው፤ የማያውቅ እጅ አይነካካው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዕቃውን አውጡ፤ ንቀሉ፤ ሁለቱንም በሮች ከፍታችሁ አንድ ሙሉ ቀን ተዉት፤ ሥሩ ጨርቅ አንጥፉ። ከዚያ ሰክታችሁ ከሠራ መንስኤውን ፈልጉ። ሁሉንም አስተካክላችሁ ከጥቂት ቀን በኋላ ከተመለሰ በረዶ የሚያሟሟው ማሞቂያ ወይም ቬንቲሌተሯ ታማለችና ባለሙያ ጥሩ።

ለታማሚ ላለበት ቤት

ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ላይኛው ክፍል፣ መሐል መደርደሪያ ላይ ነው። ፍሪዘር በጭራሽ! በረዶ ከሆነ ይጣላል። የተከፈተውን አብዛኛው ዓይነት ፀሐይና ሙቀት በሌለበት ክፍል ውስጥ እስከ አራት ሳምንት ግድም ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል፤ የናንተን ግን ከካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቡ፣ ሐኪማችሁንም ጠይቁ። መብራት ሲሄድ በሩን አትክፈቱ፤ ላይኛው ክፍል 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

መጨረሻውን ልንገራችሁ። ጋሼ እነዚያ ባልና ሚስት ቤት ሄደው መጀመሪያ ያዩት ሞተሩን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። በሩ ግድግዳውን እየነካ እስከ መጨረሻው አይከፈትም፤ ስለዚህ የላይኛው መሳቢያ ሁልጊዜ ትንሽ ወጣ እንዳለ ይቀራል፤ የፍሪዘሩም በር በቀጭኑ ገርበብ ይላል። እርጥብ አየር ሲገባ ከረመ፤ በረዶ ሆኖ መተላለፊያውን ደፈነው። ጋዝ ሲሞላ አሥር ቀን የሠራውም ለጥገናው ተነቅሎ ሲቆይ በረዶው ስለሟሟ ነበር። መድኃኒቱ? አንድ ቀን ነቅለው አሟሙት፤ ፍሪጁን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቁት፤ የፊት እግሮቹን አዞሩ። በቃ! አንድ ብር አልወጣም።

ባልየው ይህን ሲያይ ዝም አለ። ማታውን እኅቷ ቤት ሄደ። ይቅርታ የጠየቀው ግን ቀድሞ እሱ አልነበረም፤ አብረውት የሄዱት እናትየው ናቸው። "ልጄ፣ አንቺ ለእኔ ብለሽ ነው፤ ያላወቅሽው ነገር አያስወቅስሽም፤ ነይ ቤትሽ ግቢ" አሏት። አሁን ፍሪጁም ይሠራል፣ ቤቱም ይሠራል። በሩ ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች፦ "የእማማ መድኃኒት መሐል መደርደሪያ። ታች ክልክል ነው!"

እንግዲህ ጎበዝ፣ ከመግዛት በፊት መለካት፣ ከመሰካት በፊት መጠበቅ፣ ከመክፈልና ከመቆጣት በፊት ማየት። ለፍሪጅም ለትዳርም ይሠራል። ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!