ያውቁ ኖሯል? የሶፍት ገበና

ሰሞኑን ክትፎ በልቼ ብርጭቆ ውስጥ ከተሰካው ናፕኪን አንዱን መዘዝኩ። በአራት የተቆረጠ ነው። ቅቤው እንዳለ ቀረ፤ ናፕኪኑ ግን ጣቴ ላይ ተጣብቆ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በትንሽ በትንሹ ተላጠ። የዛሬው ዓምድ የዚያ ብስጭት ልጅ ነው።

ጥሩ ሶፍት አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓይነት እንጨት ቅይጥ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? የፓይንና የስፕሩስ ቃጫ ርዝመቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ነው። የባሕር ዛፍ ቃጫ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ረጅሙ ተጠላልፎ እንዳይቀደድ ይይዘዋል፣ አጭሩ ያለሰልሰዋል። ዘመናዊ ማሽኖች ሁለቱን በንብርብር ያፈሳሉ፦ ባሕር ዛፉ ቆዳ በሚነካው በኩል፣ ፓይኑ ከውስጥ።

ባሕር ዛፍ ካልን አይቀር፣ በምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባውን ነጭ ባሕር ዛፍ እኛ ማገዶ፣ አጥርና የግንባታ መወጣጫ ስናደርገው ፖርቱጋሎች ወረቀት ይሠሩበታል። ብራዚል ደግሞ ሌሎች የባሕር ዛፍ ዘሮችን ተክላ በ6 እና በ7 ዓመታቸው ትቆርጣለች። ለወረቀት በተዘጋጀ የባሕር ዛፍ ቃጫ (ፐልፕ) ሽያጭ የሚስተካከላት አገር የለም።

ተራ ወረቀት ያለ ሙጫ እንደሚያያዝ ያውቁ ኖሯል? ቃጫዎቹ ሲደርቁ በሃይድሮጂን ትስስር እርስ በርስ ይያያዛሉ። ውሃ መሐላቸው ሲገባ ያንኑ ትስስር ይፈታዋል። የረጠበ ወረቀት ከደረቅ ጥንካሬው አንድ አስረኛ ያህል ቢቀረው ነው።

ቤትዎ ይሞክሩት። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ያቅርቡ፤ በአንዱ የመጸዳጃ ሶፍት፣ በሌላው የወጥ ቤት ሶፍት ይጨምሩና በማንኪያ ያማስሉ። የመጀመሪያው አጥሚት ይሆናል። ሁለተኛው ጨርቅ መስሎ ይቆያል፣ ጨምቀው ሊያወጡት ሁሉ ይችላሉ። ልዩነቱ የወጥ ቤቱ ሲሠራ የሚጨመርበት ሙጫ መሰል ኬሚካል ነው፤ ቃጫዎቹን ውሃ በማይፈታው ማሰሪያ ያያይዛቸዋል። የወጥ ቤት ሶፍት መጸዳጃ ውስጥ ጥለው ቧንቧ ከተደፈነብዎ እንግዲህ ምክንያቱን አወቁ።

ጥንካሬና መምጠጥ ባላንጣ መሆናቸውንስ? የወረቀት ሠራተኞች ፐልፑን በማሽን ያሹታል። ቃጫው ሲታሽ ጸጉር ያበቅላል፤ ጸጉሩ በበዛ መጠን ከጎረቤቱ ጋር ይበልጥ ይያያዛል፣ ወረቀቱም ይጠነክራል። ነገር ግን ይጠቀጠቃል። ሶፍት አብዛኛውን ውሃ የሚይዘው በቃጫዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ ክፍተቱ ሲደፈን ጥሙም ይጠፋል። እሽታው ከልክ ሲያልፍ የሚገኘው ብርሃን የሚያሳልፍና ዘይት የማያሰርግ መጠቅለያ ወረቀት ነው። ያው እንጨት! የቅይጥ ባለሙያው ጭንቀት እዚህ ላይ ነው፦ ሳያሹ እንዴት ያጠንክሩ? ረጅም ቃጫ ጣል የሚደረገው ለዚህ ነው።

የሶፍት ቁራጭ ይዘው በዝግታ ወደ ሁለት ጎን ይሳቡት። ይለጠጣል አይደል? ሲሠራ ትልቅ የጋለ ሲሊንደር ላይ ተለጥፎ ይደርቅና በምላጭ ይፋቃል፤ በዚያን ጊዜ እጅግ ጥቃቅን መጨማደድ ይይዛል። የአሜሪካው ኩባንያ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሌላ ዘዴ አመጣ። ወረቀቱን በመጫን ፋንታ ትኩስ አየር እየነፋ በውስጡ ያሳልፍበታል። ሳይጫን የደረቀ ሶፍት እንደ ጥሩ እንጀራ ዓይኑ ክፍት ነው፤ ጥቂት ቃጫ ይዞ ብዙ ይጠጣል።

በሶፍት ላይ የሚታየው የአበባ ቅርጽም ለጌጥ ብቻ አይደለም። በሁለቱ ንብርብር መሐል ውሃ የሚጠራቀምበት ኪስ ይፈጥራል።

ክር የተንጠለጠለበት የሻይ ከረጢት የፈላ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የማይፈርሰው ለምን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ብዙውን ጊዜ ከእንጨት ቃጫ ጋር አባካ ይቀየጥበታል። አባካ በብዛት ከፊሊፒንስ የሚመጣ፣ ሙዝ የሚመስል ተክል ነው። ከእኛው እንሰት ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። ከእንሰት ቃጫ ገመድ የሚሠሩ እናቶቻችን አባካን ቢያዩ «ይሄማ የእኛው ነው» ማለታቸው አይቀርም።

የቡና ማጣሪያ ወረቀት የተጀመረው በልጅ ደብተር ነው። በ1908 (እ.ኤ.አ.) የጀርመን ድሬስደኗ የቤት እመቤት ሜሊታ ቤንትዝ ከልጇ ደብተር ቀለም መምጠጫ ወረቀት ወስዳ በተበሳ ቆርቆሮ ላይ አነጠፈች፤ በዚያው ዓመት የፈጠራ መብቷን አስመዘገበች።

አንድ የአሜሪካ ዶላር ኪስ ውስጥ ተረስቶ ቢታጠብስ? ደህና ይወጣል። 75 በመቶ ጥጥ፣ 25 በመቶ ተልባ ነው፤ እንጨት የለበትም።

ክሊኔክስ የተባለው ሶፍት በ1924 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ሲወጣ ለአፍንጫ አልነበረም፤ የሴቶችን የፊት ክሬም ለመጥረግ ነበር። መነሻው ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጥጥ ምትክ ቁስል ለማሸግ የዋለ የእንጨት ቃጫ ነው። ደንበኞች «እኛ እንናፈጥበታለን» እያሉ ሲጽፉ ኩባንያው ማስታወቂያውን ቀየረ።

በቻይና ታሪክ በ105 (እ.ኤ.አ.) ወረቀትን አሻሻለ የሚባለው ካይ ሉንም የዛፍ ልጣጭ፣ ሄምፕ፣ ያረጀ ጨርቅና የዓሣ መረብ ቀይጧል ይባላል። ቅይጥ ሲሉት አዲስ የሚመስላቸው ይስሙ።

የሕፃን ዳይፐር ውስጥ የፓይን ቃጫ ከጥቃቅን የፖሊመር ፍሬዎች ጋር ተቀላቅሏል። ፍሬዎቹ ከክብደታቸው በመቶዎች እጥፍ የተጣራ ውሃ ይጠጣሉ፤ ጨው ያለበት ሲሆን ግን አቅማቸው ወደ አሥሮች ይወርዳል። አንድ ዳይፐር ቀድደው ፍሬዎቹን ሳህን ላይ ያራግፉ፣ ውሃ ያጠጧቸው። ሳጎ መስለው ያብጣሉ። ከዚያ አንድ ማንኪያ ጨው ነስንሰው ያማስሉ፤ የጠጡትን መልሰው ይተፉታል።