ቤት ከመግዛት በፊት መሬቱን ማወቅ

ከከተማ ሁካታ ርቆ፥ ከጓሮው ጎመን ቀንጥሶ፥ ዶሮ አርብቶ መኖር የብዙ ሰው ምኞት ነው። በናይሮቢ ሰሜን ምዕራብ የሚገኘው ዌስትላንድስ ዛሬ ረጃጅም ሕንፃዎች የበዙበት የንግድ ሰፈር በመሆኑ፥ አየርና ሥፍራ የሚሻ ነዋሪ የዋያኪን አውራ ጎዳና ተከትሎ ወደ ኪኩዩና ወደ ሊሙሩ ይወጣል። በዚያም የሻይ ማሳና አዲስ መኖሪያ ቤት ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ነገር ግን የአካባቢው ማማር ብቻውን ለገዥ ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የኬንያ የመሬት ቁጥጥር ሕግ በሚጸናበት አካባቢ፥ የእርሻ መሬት ሽያጭ የአካባቢው ቦርድ ካልፈቀደው ዋጋ የለውም፤ የፈቃዱም ማመልከቻ ውሉ በተደረገ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የውጭ አገር ዜጋ ደግሞ፥ እ.ኤ.አ. በ2010 በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት፥ መሬት የሚይዘው ከ99 ዓመት በማይበልጥ ሊዝ ብቻ ነው። ስለዚህ በናይሮቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የሻጭን ቃል ብቻ አምኖ ቢከፍል፥ የዕድሜ ጥሪቱን ሊያጣ ይችላል።

ነገሩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. ከታወጁት የመሬት አዋጆች ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጽንቶታል። በመሆኑም በከተማ ዳር ከገበሬ ማሳ በስውር ውል ቆርሶ የገዛ ሰው፥ ቤት ቢሠራበትም በሕግ የሚያስከብረው ይዞታ የለውም።

ወታደር የሚሰፍርበትን መሬት አስቀድሞ ያጠናል። ቤት ፈላጊም እንዲሁ መዝገቡን ይመርምር፥ ድንበሩን ያስለካ፥ ጎረቤቱን ይጠይቅ፥ ፈቃዱን በዓይኑ ይይ፤ ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ይክፈል።