የካሚዮን ጎማ፤ ነፋሱና አቋቋሙ

ፖርት ቤል በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የምትገኝ የኡጋንዳ ዋና ከተማ የካምፓላ ወደብ ናት። ስሟን ያገኘችው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኡጋንዳን ያስተዳድር ከነበረው ከእንግሊዛዊው ከሄስኬዝ ቤል ነው። ከታንዛኒያ ከምዋንዛ ከተማ በመርከብ የሚመጣው ዕቃ በዚህ ይራገፋል፤ በ1946 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተቋቋመው የቢራ ፋብሪካም የሚገኘው በዚሁ ነው።

ከወደቡ እስከ ካምፓላ ያለው መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ካሚዮኑ ጭኖ ከሐይቁ ዳር ወደ ኰረብታማይቱ ከተማ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ባዶውን ይመለሳል። ጎማን የሚፈትነው ይህን የመሰለ ምልልስ ነው። ኡጋንዳ የባሕር በር ስለሌላት፥ በሞምባሳ በኩል የሚገባ ጎማ ካምፓላ ለመድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ ያለጊዜው ያለቀ ጎማ ለነጋዴው ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ጭነቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው ነፋስ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ነፋሱ ሲያንስ ጎማው ዳርና ዳሩ ያልቃል፤ ጎኑም በየዙሩ ስለሚተጣጠፍ ይግላል፤ ግለቱ ሲበረታ ይፈነዳል። ነፋሱ ሲበዛ ደግሞ መካከሉ ብቻ ይበላል፤ መንገዱን የመያዝ ኀይሉም ይቀንሳል። ከኋላ ጥንድ ጎማዎች አንዱ ቢጐድል ሸክሙ ሁሉ በባልንጀራው ላይ ይወድቃል።

ነፋሱ የሚለካው ጧት፥ ካሚዮኑ ከመነሣቱ በፊት ነው። ከጕዞ በኋላ ልኩ ከፍ ብሎ ቢገኝ ሙቀት ያመጣው ስለሆነ ማስተንፈስ አይገባም፤ በማግስቱ ጎማው ጐድሎ ይገኛልና። ትክክለኛው ልክ ፋብሪካው ለጭነቱ የወሰነው ቍጥር ነው እንጂ የነጂው የዐይን ግምት አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ጎሚስታዎች በጣልያንኛው ቃል ኮንቨርጀንሳ የሚሉት የፊት ጎማዎች አቋቋም ነው። ቁመታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ጎማዎች በፊት ጠርዛቸውና በኋላ ጠርዛቸው መካከል ያለው ርቀት ከሚገባው በ5 ሚሊ ሜትር ቢለያይ፥ በ1 ኪሎ ሜትር ጕዞ በድምሩ 5 ሜትር በጎን ይጐተታሉ። ካሚዮኑ ከፖርት ቤል ካምፓላ መቶ ጊዜ ደርሶ ቢመለስ፥ በጎን የተጐተተው 10 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም የመንገዱ ሙሉ ርዝመት ነው። ምልክቱም የጎማው ጥርስ በአንድ ወገን እንደ መጋዝ መሳሉ ነው።

ይሁን እንጂ መሪ ወደ ጎን በሳበ ቍጥር ጥፋቱ የኮንቨርጀንሳ ነው ማለት አይደለም። መንገድ ውሃ እንዲወርድበት ወደ ዳር አዘንብሎ ይሠራል፤ በኡጋንዳ በግራ ስለሚነዳ መኪናው ወደ ግራ፥ በቀኝ በሚነዳበት አገርም ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ስለዚህ አስቀድሞ ነፋሱን አስተካክሎ በደልዳላ ሜዳ መፈተን ይገባል።

የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪው ከነጂው እጅ ሊወጣ ይችላል፤ አደጋውም ለነጂው ብቻ ሳይሆን በመንገድ ዳር ለሚሄደው ሕዝብ ጭምር ነው። ነጋዴው ለነጂው የነፋስ መለኪያና የጧት አሥር ደቂቃ ቢሰጠው፥ መኪና መርማሪውም ከመብራትና ከፍሬን ጋራ ጎማውን ቢያይ፥ ገንዘብም ሕይወትም ይተርፋል።