ከባሕር የሚመለሰው ድኝ እንዴት ይለካል?

በሀብሩ ወረዳ፣ በግራና ሸለቆም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል አርሶ አደሩ በደንብ የሚያውቀው ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ በተጨማሪ 7 በመቶ ያህል ሰልፈር፣ በአማርኛ አጠራሩ ድኝ፣ ይዟል፤ ይህም ዝናብ ድኝን ከአፈር እያጠበ ስለሚወስደውና ሰብሉም በየዓመቱ ከማሳው ይዞት ስለሚወጣ ነው። ከግራና የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ገብቶ አቤ ሐይቅ ላይ ቢቀርም፣ አብዛኞቹ የዓለም ታላላቅ ወንዞች ድኙን ባሕር ያደርሱታል፤ ታዲያ የሚመለስበት መንገድ ባይኖር ኖሮ የብሱ ከድኝ ገና ድሮ በተራቆተ ነበር።

ለረጅም ጊዜ ድኙን ወደ የብስ የሚመልሰው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ሆኖም ይህ ጋዝ ኦክስጅን በሞላበት የባሕር ገጽ ላይ አይበረክትም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጄምስ ላቭሎክ ከ1971 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ሻክልተን በተባለችው የምርምር መርከብ ላይ በተሰበሰበ የአትላንቲክ የገጽ ውሃ ዳይሜቲል ሰልፋይድ የተባለ ሌላ የድኝ ውህድ አገኘ፤ ምንጩም በዓይን የማይታዩ የባሕር አልጌዎች በሰውነታቸው የሚያከማቹት፣ ሲሞቱ ወይም ሲበሉ የሚፈርስ ንጥረ ነገር ነው።

መለኪያው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ የሚገኘው ዳይሜቲል ሰልፋይድ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ቢሊዮንኛ ግራም አይበልጥምና። ናሙናው የአየር አረፋ ሳይቀርበት የመስታወት ጠርሙስ አፍ ድረስ ይሞላል፤ ሲጣራም በኃይል ከተገፋ አልጌዎቹ ፈንድተው የሌለ መጠን ስለሚያሳዩ በዝግታ ይጣራል። ከዚያ ናይትሮጅን ወይም ሂሊየም ጋዝ በውሃው ውስጥ አረፋ እየሠራ ውህዱን ጠርጎ ያወጣዋል፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዘ ቀጭን ቱቦ ይይዘዋል፤ ቱቦው በድንገት ሲሞቅም ጋዞችን ለያይቶ ወደሚያሳልፈው መሣሪያ፣ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ወደሚባለው፣ ይገባል። በመጨረሻ በሃይድሮጅን ነበልባል ውስጥ ድኙ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል፤ የብርሃኑ ድምቀትም መጠኑን ይናገራል።

እንዲህ በየባሕሩ የተለቀሙ ልኬቶች ተደምረው በየዓመቱ በዚህ ውህድ መልክ ከውቅያኖስ ወደ አየር የሚወጣው ድኝ ወደ 28 ሚሊዮን ቶን እንደሚጠጋ ይገመታል። አየር ላይ ወደ ሰልፌት ቅንጣት ተለውጦ የደመና ጠብታ መነሻ ይሆናል፤ በ1987 እ.ኤ.አ. አራት ተመራማሪዎች አልጌዎች በዚህ መንገድ የምድርን ሙቀት ያስተካክላሉ የሚል መላ ምት ቢያቀርቡም፣ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ጉዳዩን እጅግ ውስብስብ አድርገውታል።

ወደ ግራና ማሳዎች ስንመለስ፣ የበልግም የክረምትም ዝናብ እርጥበት በከፊል ከሕንድ ውቅያኖስ ቢመጣም፣ ከባሕር የሚወጣው ድኝ አብዛኛው ተመልሶ የሚዘንበው በዚያው በባሕሩ ላይ ነው። ጭዱ ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ በሚውልበት ማሳ ላይ ደግሞ የአፈሩ ድኝ ዋና ማከማቻ የሆነው ብስባሽ ስለሚመናመን፣ ከሰማይ የሚመጣው ብቻውን ጉድለቱን አይሞላም።